ሄፓታይተስ ሲ፦ ዱካው ሌላ፣ ጅቡ ሌላ

የፊዚክስ መምህር ስለ ጉበት በሽታ ለመጻፍ ብዕር ሲያነሳ «አንተን ምን አገባህ?» መባሉ አይቀርም። ጥያቄው ተገቢ ነው። እኛ ሐኪም አይደለንም፤ በሽተኛ አንመረምርም፤ መድኃኒትም አናዝዝም። ይሁንና የዕለት ተዕለት ሥራችን መለካት፣ የተለካውን ቁጥር መተርጎምና የስሕተቱን መጠን መናገር ነው። ዛሬ የምናነሳው ጉዳይ ደግሞ ከሥሩ ሲታይ የመለካት ጉዳይ ነው። ለመጻፍ ያነሳሳን ግን መጽሐፍ ሳይሆን አንድ ተማሪያችን ነው።

ከጥቂት ዓመታት በፊት፣ በጅማ ዙሪያ የእሸት ቡና ለቀማ በተጧጧፈበት በኅዳር ወር፣ አንድ የሁለተኛ ዓመት ተማሪ የቢሯችንን በር አንኳኳ። ከአንዲት የቡና ከተማ የመጣ፣ በክፍል ውስጥ ከፊት ወንበር የማይጠፋ ልጅ ነበር። «መምህር፣ ልሰናበትዎት ነው የመጣሁት» አለን። ነገሩን ስንጠይቀው፣ ለታመሙት እናቱ ደም ሊለግስ ሄዶ ደሙ ሲመረመር «ሄፓታይተስ ሲ አለብህ» መባሉን ነገረን። ይህን የሰማው ኮሪደር ላይ ቆሞ ነው። ሁለተኛ ምርመራ እንዳለ የነገረው አልነበረም፤ ወዴት መሄድ እንዳለበት ያመለከተውም አልነበረም። ልጁ በመኝታ ክፍሉ የራሱን ስኒ ለይቶ፣ ከጓደኞቹ ጋር ከአንድ ማዕድ መቁረስን ትቶ፣ ሞቱን መጠበቅ ጀምሮ ነበር። ልናግባባው ሞከርን፤ አልሆነም። ጓዙን ጠቅልሎ ወደ ቤተሰቦቹ ተመለሰ። በዓመቱ ተመልሶ ሲመጣ፣ ዘመድ ረድቶት በሌላ ከተማ ባደረገው ምርመራ በደሙ ውስጥ ቫይረሱ ፈጽሞ እንደሌለ ተረጋግጦ ነበር። ልጁ ጤነኛ ነበር። የጠፋው አንድ የትምህርት ዓመትና አባቱ ለባህል መድኃኒት ሲሉ የሸጡት በሬ ነው።

በዚያው ሰሞን ከልጅነታችን ጀምሮ የምናውቃቸውን አንድ አዛውንት ቀበርን። በአጋሮ መንገድ ጀንፈል ቡና ሲያመላልሱ የኖሩ ብርቱ ነጋዴ ነበሩ። ሆዳቸው ውኃ ቋጥሮ፣ ዓይናቸው ቢጫ ሆኖ ሆስፒታል ሲደርሱ ጉበታቸው በካንሰር ተይዞ ነበር። ምንጩ ሲፈለግ ሄፓታይተስ ሲ ሆኖ ተገኘ። ቫይረሱ መቼ እንደገባባቸው የሚያውቅ የለም፤ ምናልባት ከሃያ ወይም ከሠላሳ ዓመት በፊት ይሆናል። በእነዚያ ሁሉ ዓመታት ደማቸውን የመረመረ አልነበረም።

አንዱ በግማሽ ምርመራ ተጎዳ፤ ሌላው ያለ ምርመራ ሞቱ። የዚህ ጽሑፍ አቋም ከሁለቱ ታሪኮች የሚወጣ ነው፦ ምርመራ የግድ ነው፤ ግማሽ ምርመራ ግን ምርመራ አይደለም።

የወፍ በሽታ ብቻ አይደለም

ዓይንንና ቆዳን ቢጫ የሚያደርገውን ሕመም በአማርኛ «የወፍ በሽታ» እንለዋለን፤ በኦሮምኛም ስሙ ከወፍ ጋር የተያያዘ ነው። ብዙ ሰው የሌሊት ወፍ ያመጣዋል ብሎ ያምናል። የስሙ ችግር ግን ወፏን በሐሰት መክሰሱ ብቻ አይደለም፤ በሽታውን በቢጫነቱ ብቻ እንድንለየው ማድረጉም ነው። ሄፓታይተስ ሲ የያዘው ሰው አብዛኛውን ጊዜ ቢጫ አይሆንም፤ ትኩሳትም፣ ሕመምም ላይሰማው ይችላል። ቢጫነትን የሚጠብቅ ሰው ሲጠብቅ ይኖራል።

ቫይረሱ ራሱ እጅግ ትንሽ ነው፤ በአንድ ሚሊ ሜትር ርዝመት ላይ ሃያ ሺህ ያህሉን መደርደር ይቻላል። ሳይንስም ቢሆን በቀላሉ አላገኘውም። በ1970ዎቹ (እ.ኤ.አ.) አሜሪካዊው ሐኪም ሃርቪ ኦልተርና ባልደረቦቹ፣ ደም ከተሰጣቸው ሕሙማን መካከል አንዳንዶቹ ሄፓታይተስ ኤም ቢም ባልሆነ የጉበት ብግነት እንደሚያዙ አሳዩ። ለዓመታት በሽታው «ኤም ቢም ያልሆነ» ከመባል በቀር ስም አልነበረውም። እ.ኤ.አ. በ1989 ማይክል ሆውተንና ባልደረቦቹ የቫይረሱን የዘር መልእክት ለይተው አወጡ፤ እ.ኤ.አ. በ1997 ደግሞ ቻርልስ ራይስ ቫይረሱ ብቻውን በሽታውን ሊያስከትል እንደሚችል አረጋገጠ። ሦስቱ ሳይንቲስቶች እ.ኤ.አ. በ2020 የኖቤል ሽልማት ተቀብለዋል።

የመተላለፊያ መንገዱ ደም ነው። በንጽሕና ያልተያዘ መርፌ፣ ያልተመረመረ ደም፣ በአግባቡ ያልተቀቀለ የሕክምና መሣሪያ ዋነኞቹ ናቸው። በአካባቢያችንም ፈቃድ የሌለው መርፌ ወጊ፣ እንጥል ማስቆረጥ፣ የድድ ንቅሳት፣ በአንድ ምላጭ ብዙ ልጅ መግረዝ ከዚሁ ተርታ የሚመደቡ ናቸው። ከእናት ወደ ልጅ በወሊድ ጊዜ፣ አልፎ አልፎም ደም በሚነካካበት የግብረ ሥጋ ግንኙነት ሊተላለፍ ይችላል። በአንጻሩ አብሮ በመብላት፣ በመተቃቀፍ፣ ጡት በማጥባት አይተላለፍም። ስኒ መለየትም አያስፈልግም፤ ያ ተማሪያችን ስኒውን የለየው በከንቱ ነበር።

ቫይረሱ ከያዛቸው መቶ ሰዎች ሠላሳ ያህሉ በስድስት ወር ውስጥ በራሳቸው የመከላከል ኃይል ያስወግዱታል። በቀሩት ሰባ ያህል ሰዎች ዘንድ ግን ሥር የሰደደ ይሆናል። ከእነዚህም መካከል ከመቶ 15 እስከ 30 የሚሆኑት በሃያ ዓመት ጊዜ ውስጥ ሲሮሲስ ወደሚባለው፣ ጉበት በጠባሳ ወደሚደርቅበት ደረጃ ይደርሳሉ። የጉበት ካንሰር በአብዛኛው የሚበቅለው በዚህ ጠባሳ ላይ ነው። የዓለም የጤና ድርጅት ባወጣው ግምት እ.ኤ.አ. በ2022 በዓለም ላይ ሥር የሰደደ ሄፓታይተስ ሲ ያለባቸው ሰዎች 50 ሚሊዮን ያህል ነበሩ፤ በዚያው ዓመት 242 ሺህ የሚሆኑት ሞተዋል። መያዛቸውን ያወቁት ግን ከመቶ 36 ብቻ ነበሩ።

ስንት ሰው ይዞታል?

ወደ አገራችን ስንመለስ፣ ይህ ጥያቄ ለፊዚክስ ተማሪ ጥሩ ትምህርት ይሰጣል። በመላ ኢትዮጵያ የተደረጉ ጥናቶችን አሰባስቦ እ.ኤ.አ. በ2016 የታተመ አንድ ግምገማ የሄፓታይተስ ቢን ስርጭት ከመቶ 7.4፣ የሄፓታይተስ ሲን ደግሞ ከመቶ 3.1 አድርሶታል። በጎንደር እ.ኤ.አ. ከ2003 እስከ 2007 ደም በለገሱ ከስድስት ሺህ በላይ ሰዎች ላይ የተደረገ ጥናት ግን ሄፓታይተስ ሲን ያገኘው ከመቶ 0.7 ላይ ብቻ ነው። እዚሁ ጅማ በደም ለጋሾች ላይ ተሠርቶ፣ እ.ኤ.አ. በ2011 ዩኒቨርሲቲው በሚያሳትመው የጤና ሳይንስ መጽሔት ላይ የወጣው ጥናትም ሄፓታይተስ ቢን ከመቶ ሁለት ገደማ፣ ሄፓታይተስ ሲን ከመቶ አንድ በታች ሆኖ አግኝቶታል።

ታዲያ ትክክለኛው ቁጥር የትኛው ነው? ከመቶ ሦስት ወይስ ከመቶ አንድ በታች? መልሱ ቁጥሮቹ የተለካው ነገር ስለሚለያይ ይለያያሉ የሚል ነው። ደም የሚለግሰው ሰው በአብዛኛው ወጣት፣ ጤነኛና ከመለገሱ በፊት በጥያቄ የተጣራ ነው፤ ስለዚህ የለጋሾች ቁጥር የሕዝቡን ቁጥር አሳንሶ ሊያሳይ ይችላል። በሆስፒታል በተኙ ሕሙማን ላይ የሚደረግ ጥናት ደግሞ በተቃራኒው አጋንኖ ያሳያል። ከዚህም በላይ ከእነዚህ ጥናቶች የሚበዙት የለኩት ቫይረሱን ሳይሆን ፀረ እንግዳ አካልን ነው። ሚዛኑ ምን እንደተጫነበት ሳይነገረን ቁጥሩ ብቻ ቢነገረን የቡና ነጋዴ እንኳ አይቀበለንም፤ ጀንፈልና የተቀሸረ ቡና በአንድ ዋጋ አይሸጡምና።

ዱካውና ጅቡ

በመጀመሪያ የሚደረገው ፈጣን ምርመራ የሚፈልገው ሰውነታችን ቫይረሱን ለመዋጋት የሠራውን ፀረ እንግዳ አካል ነው። ይህ ፀረ እንግዳ አካል ቫይረሱ ከጠፋ በኋላም ለብዙ ዓመታት በደም ውስጥ ይቀራል። ማለዳ በግቢያችን የጅብ ዱካ ብናይ፣ ጅብ ማለፉን እንጂ አሁን በግቢው ውስጥ መኖሩን አናውቅም። ጅቡን ለማግኘት ሌላ ፍለጋ ያስፈልጋል፤ እርሱም የቫይረሱን የዘር መልእክት፣ ማለትም አርኤንኤውን፣ በቀጥታ የሚፈልገው ሁለተኛው ምርመራ ነው።

ነገሩን በስሌት እንየው። አንድ ሺህ ተማሪዎች ተመረመሩ እንበል። ለስሌት እንዲመቸን ከሺሁ 10 ያህሉ እውነተኛ ፀረ እንግዳ አካል አላቸው፤ መሣሪያው እነዚህን 10 ሰዎች ሁሉ ያገኛል፤ ነገር ግን ከመቶ ንጹሐን ሰዎች አንዱን በስሕተት «አለብህ» ይላል። ከቀሩት 990 ተማሪዎች 10 ያህሉ በስሕተት ይጠቆማሉ ማለት ነው። ስለዚህ «አለብህ» የተባሉት በድምሩ 20 ናቸው፤ ከእነርሱም ግማሾቹ ቫይረሱን አይተውት አያውቁም። ከእውነተኞቹ 10 ደግሞ ሦስቱ ቀድሞውኑ በራሳቸው አስወግደውታል። ዛሬ ቫይረሱን የተሸከሙት ከ20ዎቹ 7 ብቻ ናቸው! ለ13ቱ ልጆች የመጀመሪያው ወረቀት የተሳሳተ የሞት ፍርድ ነው፤ ለ7ቱ ደግሞ ሕይወታቸውን የሚያተርፍ ማስጠንቀቂያ ነው። ማን ከየትኛው ወገን እንደሆነ የሚለየው ሁለተኛው ምርመራ ብቻ ነው።

ይኸው መሣሪያ ፀረ እንግዳ አካሉ ከመቶ 10 ሰዎች ላይ በሚገኝበት ቡድን ላይ ቢውል፣ ከሺህ ሰው 100 እውነተኛና 9 የስሕተት ጥቆማ ይሰጣል። መሣሪያው አልተለወጠም፤ የውጤቱ ትርጉም ግን ተለውጧል። ስርጭቱ ዝቅተኛ በሆነበት አካባቢ የሁለተኛው ምርመራ አስፈላጊነት የሚጨምረው በዚህ ምክንያት ነው። ለጅማና ለአካባቢዋ ይህ ትልቅ ቁም ነገር ነው።

የአቮካዶው ፊዚክስ

ቫይረሱ መኖሩ ከተረጋገጠ በኋላ ቀጣዩ ጥያቄ «ጉበቱ ምን ያህል ተጎድቷል?» የሚል ነው። በጅማ ሂርማታ ገበያ አቮካዶ የምትሸጥ ሴት ፍሬውን በአውራ ጣቷ ጫን አድርጋ የበሰለውን ከጥሬው ትለያለች። ጉበትም እንዲሁ ነው፤ ጤነኛው ለስላሳ፣ ጠባሳ የያዘው ደረቅ ነው። ነገር ግን ከጎድን አጥንት በታች ስላለ በጣት አንደርስበትም፤ ስለዚህ ሞገድ እንልካለን። መሣሪያው ከሰውነት ውጭ ሆኖ ትንሽ ንቅናቄ ይፈጥራል፤ ንቅናቄው ጉበትን እየወዘወዘ ሲያልፍ ፍጥነቱ በድምፅ ሞገድ ይለካል። በደረቅ አካል ውስጥ ሞገዱ ይፈጥናል።

ስሌቱ ቀላል ነው፤ የጉበቱ ጥንካሬ = 3 × እፍጋት × የፍጥነቱ ካሬ። የጉበት እፍጋት ከውኃ ብዙ አይርቅም፤ በአንድ ሜትር ኩብ 1,000 ኪሎ ግራም ገደማ ነው። ሞገዱ በሰከንድ 1 ሜትር ቢጓዝ ጥንካሬው 3 ኪሎ ፓስካል ይሆናል፤ ይህ የጤነኛ ጉበት መጠን ነው። ፍጥነቱ በሰከንድ 2 ሜትር ቢሆን ግን 12 ኪሎ ፓስካል ይሆናል፤ ይህ የሲሮሲስን ደጃፍ ማንኳኳት ነው። ፍጥነቱ እጥፍ ሲሆን ጥንካሬው አራት እጥፍ ሆነ። «ፊዚክስ ምን ይጠቅማል?» ለሚሉን ተማሪዎቻችን ይህን እንደ አንድ መልስ እናቀርባለን። በመርፌ የጉበት ሥጋ ቆርጦ ማየትን በብዙ ሁኔታ የተካው ይህ ልኬት ነው።

ግብፅ ምን አደረገች?

ከአጋሮ አጠገብ ከጎማ ተራሮች የሚነሳው የደዴሳ ወንዝ ዓባይን ተቀላቅሎ ግብፅ ይደርሳል። ግብፅ ለዚህ በሽታ መራራም ጣፋጭም ታሪክ አላት። ከ1950ዎቹ እስከ 1980ዎቹ (እ.ኤ.አ.) ብልሃርዝያን ለማጥፋት በተካሄደ ሰፊ ዘመቻ በመርፌ መድኃኒት ሲሰጥ፣ በአግባቡ ሳይቀቀሉ ተደጋግመው ያገለገሉ መርፌዎች ሄፓታይተስ ሲን በሕዝቡ መካከል አሠራጩት። በበጎ ሐሳብ የተጀመረ ሥራ በመሣሪያ ንጽሕና ጉድለት ምን ሊያስከትል እንደሚችል ከዚህ የበለጠ ምሳሌ አይገኝም።

ይሁንና ያቺው ግብፅ እ.ኤ.አ. ከ2018 መጨረሻ እስከ 2019 መጀመሪያ ባሉት ሰባት ወራት ውስጥ 50 ሚሊዮን የሚጠጉ ሰዎችን መረመረች። ፀረ እንግዳ አካል የተገኘባቸውን 2.2 ሚሊዮን ሰዎች ወደ ሁለተኛው ምርመራ፣ ቫይረሱ የተገኘባቸውንም ወደ ሕክምና መራች። እ.ኤ.አ. በ2023 የዓለም የጤና ድርጅት በሽታውን ለማስወገድ በሚደረገው ጉዞ የወርቅ ደረጃ ሰጥቷታል። እዚህ ላይ ልብ ማለት የሚገባን የተመርማሪውን ብዛት ብቻ አይደለም፤ ከዱካው ወደ ጅቡ፣ ከጅቡ ወደ መድኃኒቱ የሚያደርሰው መንገድ ሳይቆረጥ መዘርጋቱንም ነው።

መድኃኒቱ አለና። ለሄፓታይተስ ሲ ክትባት እስከ ዛሬ አልተገኘም፤ ነገር ግን ለአብዛኛው ሕመምተኛ በቀን አንድ ጊዜ ለ12 ሳምንት የሚዋጡ እንክብሎች ከመቶ 95 በላይ የሚሆኑትን ፈጽመው ይፈውሳሉ። እ.ኤ.አ. በ2013 መጨረሻ በአሜሪካ ሶፎስቡቪር ሲፈቀድ አንዱ እንክብል አንድ ሺህ ዶላር ያህል ይሸጥ ነበር፤ በኋላ ግን አቻ መድኃኒቶች በመመረታቸው በብዙ አገሮች ዋጋው እጅግ ወርዷል። ሄፓታይተስ ቢ በአንጻሩ ክትባት አለው እንጂ እንዲህ ያለ የተሟላ ፈውስ ገና የለውም። በመሆኑም ሁለቱን መለየት ግዴታ ነው፤ የሲ መድኃኒት ከመጀመሩ በፊትም ቢ መኖር አለመኖሩ ይመረመራል፤ አለዚያ የተኛው ቢ ሊቀሰቀስ ይችላል።

ከቡና ከተሞቻችን ምን ይጠበቃል?

«ወባና ሳንባ ነቀርሳ እያሉ፣ ከመቶ አንድ ሰው ላይ እንኳ በቅጡ ለማይገኝ በሽታ ገንዘብ ማውጣት ቅንጦት ነው» የሚል ተቃውሞ ሊነሳ ይችላል። ተቃውሞው ክብደት አለው። የዓለም የጤና ድርጅትም ቢሆን ሁሉም አዋቂ ምርመራ እንዲያገኝ የሚመክረው ስርጭቱ ከመቶ ሁለት ወይም ከመቶ አምስት በላይ በሆነበት አካባቢ ነው። እኛም ሁሉም ይመርመር አንልም። ከላይ ያየነው ስሌት ራሱ በየመንገዱ የሚደረግ የጅምላ ምርመራ ከሚያድነው ይልቅ የሚያስደነግጠው ሊበዛ እንደሚችል ያሳያል። እኛ የምንለው የሚከተለውን ነው።

አንደኛ፤ ከሚያሠጋው ወገን እንጀምር። ቀደም ባሉት ዓመታት ደም የወሰዱ፣ ቀዶ ሕክምና ያደረጉ፣ ፈቃድ በሌለው ሰው መርፌ የተወጉ፣ ኤችአይቪ በደማቸው የሚገኝ፣ እንዲሁም በሥራቸው ከደም ጋር የሚነካኩ የጤና ባለሙያዎች ቅድሚያ ሊሰጣቸው ይገባል።

ሁለተኛ፤ ደም ለጋሹ አይረሳ። የተለገሰ ደም ለኤችአይቪ፣ ለሄፓታይተስ ቢ፣ ለሄፓታይተስ ሲና ለቂጥኝ ይመረመራል። ደሙ ከተጣለ ተቀባዩ ድኗል፤ ለጋሹስ? ውጤቱን በዝግ ክፍል፣ በሚገባው ቋንቋ፣ በኦሮምኛም ይሁን በአማርኛ፣ ከሁለተኛው ምርመራ ቀጠሮ ጋር መስማት መብቱ ነው። ኮሪደር የምክር አገልግሎት መስጫ አይደለም።

ሦስተኛ፤ ባለን መሣሪያ እንጠቀም። ለሳንባ ነቀርሳ ምርመራ በአገራችን ሆስፒታሎች የገባው ጂን ኤክስፐርት፣ ካርትሬጁ ሲቀየር የሄፓታይተስ ሲን አርኤንኤ ማንበብ ይችላል፤ ይህ ካርትሬጅ እ.ኤ.አ. በ2017 የዓለም የጤና ድርጅትን የጥራት ማረጋገጫ አግኝቷል። የጤና ጥበቃ ሚኒስቴር እ.ኤ.አ. በ2016 ብሔራዊ የሄፓታይተስ መመሪያ አውጥቷል። የአጋሮ፣ የሊሙ ገነት ወይም የሸቤ ሰው ለሁለተኛው ምርመራ አዲስ አበባ ድረስ መጓዝ አይገባውም፤ ናሙናው ይጓዝ እንጂ ሰውዬው አይጓዝ።

አራተኛ፤ ጊዜውን እንምረጥ። በሰኔ ወር ገበሬው የሚያወጣው ገንዘብ የለውም፤ ከጥቅምት እስከ ታኅሣሥ ግን ገንዘብም ሰውም በቡና ከተሞች ይሰበሰባል። ዩኒቨርሲቲያችን ከምሥረታው ጀምሮ የሚታወቀው ተማሪዎቹን ወደ ኅብረተሰቡ በሚያወጣው የትምህርት ሥርዓቱ ነው። በቡና ማጠቢያ ጣቢያዎች አጠገብ ስለ መርፌና ስለ ምላጭ ንጽሕና የሚያስተምር፣ የሚያሠጋውን ወገን ለይቶ ወደ ጤና ጣቢያ የሚልክ የተማሪዎች ቡድን ማሰማራት ከአቅማችን በላይ አይደለም።

ስለ ቡና ካነሳን አንድ ነገር እንጨምር። የዓለም የጤና ድርጅት የካንሰር ምርምር ተቋም እ.ኤ.አ. በ2016 ባወጣው ግምገማ ቡና በሚጠጡ ሰዎች ዘንድ የጉበት ካንሰር ሥጋት ቀንሶ መታየቱን ገልጿል። ለጅማ ሰው ደስ የሚያሰኝ ዜና ነው። ሆኖም ቡና ቫይረሱን አይገድልም፤ አቦል፣ ቶና፣ በረካ ጠጥቶ ምርመራውን መተው ራስን መሸንገል ነው።

ውድ ተማሪዎች፤ አባቶቻችን «በሽታውን የሸሸገ መድኃኒት አይገኝለትም» ይላሉ። ዛሬ ግን በሽታው ራሱ ከባለቤቱ ተሸሽጓል፤ ስለዚህ ፈልጎ ማግኘቱ የእኛ ፋንታ ነው። ያ ተማሪያችን ተመርቆ ዛሬ በአንድ የሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት ፊዚክስ ያስተምራል። የመለካት ስሕተትን ሲያስተምር የራሱን ታሪክ እንደሚነግራቸው አጫውቶናል። አዛውንቱ ነጋዴ ግን ዕድሜያቸው የሚፈቅድላቸውን ሳያዩ ሄዱ፤ እርሳቸውን ሊያድን የሚችለው መድኃኒት ያኔም ነበረ፤ የጎደለው የሚፈልጋቸው ሰው ነበር። ጅብ ከሄደ በኋላ የሚጮህ ውሻ ማንንም አያድንም። እንግዲህ «አለብህ» የሚል ወረቀት በእጃችሁ ወይም በወዳጃችሁ እጅ ቢገባ አትደንግጡ፤ አትሸሽጉትም። «ሁለተኛው ምርመራ የት ነው?» ብላችሁ ጠይቁ፤ መልስ እስክታገኙም ድረስ ከበሩ አትራቁ።